ዲናሞው ሲጮህ ሐረጎን አልወርድም

የምነዳው በናፍጣ የሚሠራ የቆየ ቶዮታ ሚኒባስ ነው። መስመሬ ደሴ – ኮምቦልቻ ነው፤ ሐረጎ በዚሁ መስመር ላይ ያለው ቁልቁለት ነው። ዲናሞ በሞተሩ እየዞረ ባትሪ የሚሞላው ክፍል ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት። የዲናሞ ኩሽኔታ ሲያረጅ የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ ሾፌር የለም። ብዙው ግን "ባትሪ ይሞላል አይደል? ታዲያ ምን ችግር አለው?" ብሎ ያልፈዋል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስላለኝ ነው። በእኛ መስመር፣ በእነዚህ መኪኖች ላይ፣ የዲናሞ ኩሽኔታ የባትሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍሬን ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቫኪዩም (አየር የተሳበበት ባዶነት) ይፈጥራል። የፍሬን ሰርቮው በዚያ ቫኪዩም ተጠቅሞ የእግራችንን ጉልበት ያበዛልናል። የናፍጣ ሞተር ግን በቂ ቫኪዩም አይሰጥም። ስለዚህ ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል። በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ላይ ይህ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። የሚያዞረውም የዲናሞው ዘንግ ነው። ዲናሞው ቀጥ ካለ ፓምፑም ቀጥ ይላል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ከተበጠሰም እንደዚያው። በእኔ መኪና ደግሞ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና የራዲያተሩን ፋን ያዞራል። አንዲት ኩሽኔታ ስትነክስ (ተጣብቃ መዞር ስታቆም) ቻርጅ፣ ማቀዝቀዣና የፍሬን እገዛ ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ ማለት ነው።

አሁን መንገዱን አስቡት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከ600 ሜትር በላይ የሆነውን ልዩነት የምንወርደው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው። ከዚያም አብዛኛው ቁልቁለት ሐረጎ ላይ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል። ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል። ከፊትህ ከባድ መኪና አለ፣ ከኋላህም አለ። ፍሬንህን የምትፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ቁልቁለት ላይ ጥሩ ሾፌር ፍሬን ላይ አይተኛም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይይዛል። ትክክል ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ግን ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ዲናሞ ደግሞ ከሞተሩ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ዲናሞው ከ6,000 እስከ 9,000 ይደርሳል። ስለዚህ የደከመች ኩሽኔታ በጣም የምትፈተነው ሽቅብ ስንወጣ ብቻ አይደለም፤ በሞተር ይዘን ስንወርድም ነው። ፍሬኑ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ማለት ነው።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ረዳቴ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ከፊት በኩል ቀጭን "ዊ…" የሚል ነገር። የደሴ ጠዋት ብርዱ ይታወቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና መጣ። ሞቆ ሲሠራ ጠፋ። ይህ ደረጃ ነው ሰው የሚዘናጋበት። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ ሲደርቅ፣ ብርድ ላይ ኳሶቹን በደንብ አይቀባም። ሲሞቅ ትንሽ ይላላና ድምፁ ይቀንሳል። ድምፁ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ድምፁ ሲሞቅም መቆየት ጀመረ። ነዳጅ ስረግጥ ይቀጥናል፣ ስለቅ ይወፍራል። መኪናው ቆሞም ያው ነው። ይህ ዋናው መለያ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ቢሆን ድምፁ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ነው የሚሄደው፤ ቆሞ ነዳጅ ቢሰጠው አይሰማም። የመሪ ፓምፕ ቢሆን መሪ ሲዞር ይለወጣል። ቺንጋ ቢሆን ደግሞ ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ለአፍታ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። ኩሽኔታ ግን ውሃ ቢነካው ባይነካው ግድ የለውም።

በጣም የሚመሳሰለው ከውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ ጋር ነው። ሁለቱም በአንድ ቺንጋ ይዞራሉ፣ ጎረቤትም ናቸው። እዚህ ላይ በጆሮ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ብዙዎቻችን ረዘም ያለ ካቻቢቴ እንጠቀማለን። ጫፉን ከዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጠገብ አድርጎ ማዳመጥ። ይሠራል። ግን ጠዋት በብርድ ፎጣ አንገታችን ላይ ጠምጥመን ወይም ጋቢ ደርበን ነው የምንነሳው። እንዲህ ሆኖ ወደሚዞር ቺንጋ መጠጋት ሕይወት ያስከፍላል። መጀመሪያ አውልቁት። እጅጌም ሰብስቡ።

ይበልጥ አስተማማኙ ቺንጋውን ማውለቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቺንጋው ወልቆ፣ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያርፍበትን ክብ) በእጅ ማዞር። ደህና ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ይዞራል። የኔው ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ይሻክራል። ከዚያ ፑሌጃውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ። ትንሽም ቢሆን መነቃነቅ ካለ ጉዳዩ ከድምፅ አልፏል። የውሃ ፓምፑንም እንደዚሁ አየሁት፤ እሱ ደህና ነበር። ቺንጋው እንደወለቀ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነስቶ ድምፁ መጥፋቱን ማረጋገጥም ይቻላል። የውሃ ፓምፑ ስለማይሠራ ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ማጥፋት ነው። መኪናውንም በዚህ ሁኔታ ማንቀሳቀስ አይገባም።

ሰሞኑ የአረፋ ሰሞን ነበር። ወሎ ውስጥ ለሚሠራ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መናኸሪያው ሞልቷል። ተራ ቶሎ ይደርሳል። ሰው ከአዲስ አበባ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ ወደ ቤተሰቡ ይገባል። ተራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ "አብሽር፣ አረፋን ያሻግርሃል" አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት። አንዳንዱ በዚያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ነድቷል። እውነትም አንዳንዴ ወራት ይቆያል። አንዳንዴ ግን ያንኑ ዕለት ይነክሳል። የትኛው እንደሆነ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ ሰው የለም።

እኔ የወሰንኩት በድምፁ መጠን አይደለም። በምሄድበት መንገድና በምጭነው ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ጋራዥ ቀስ ብሎ መሄድ አንድ ነገር ነው። ሰው ሞልቶ ሐረጎን መውረድ ሌላ ነው። ፑሌጃው ስለተነቃነቀ ተራዬን ለሌላ ለቀቅሁና መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። የበዓል ገቢ ቀረ፤ ያሳዝናል። ግን የማውቀውን ነገር ተሳፋሪው አያውቅም። የከፈለኝ በሰላም እንዳደርሰው ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሰውዬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ድምፁን እንደሰሙ "ልጄ፣ ሁለቱንም ኩሽኔታ ነው የምንቀይረው" አሉኝ። ዲናሞ ሁለት ኩሽኔታ አለው። የፊተኛው፣ በፑሌጃው በኩል ያለው፣ ትልቁ ነው። የቺንጋው ውጥረት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የኋለኛው ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የፊተኛው ብቻ ቢሆንም ሁለቱም እድሜያቸው እኩል ነው። ዲናሞው አንዴ ከተፈታ አንዱን ብቻ ቀይሮ መግጠም ለሌላ ፈትቶ መግጠም ቀጠሮ መያዝ ነው።

ከመፍታት በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነሳል። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ዲናሞው ላይ ያለው ወፍራም ሽቦ ሞተሩ ቢጠፋም ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ነው። መፍቻ ወይም ካቻቢቴ ሽቦውንና ሞተሩን ባንድ ላይ ከነካ ብልጭታው ያስደነግጣል፣ እጅም ያቃጥላል።

ሲከፈት ያየነው ነገር ብዙ አስተማረኝ። የፊተኛው ኩሽኔታ ግራሶው ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ተቦርቡሯል። በኋላ በኩል ደግሞ ውስጡ የሞተር ዘይት ነበረበት። ቫኪዩም ፓምፑ የሚቀባው በሞተሩ ዘይት ነው። የፓምፑ የዘይት መያዣ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል። ኩሽኔታ ያጥባል፣ ካርቦኑን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈውን) ያበላሻል፣ ከካርቦን ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጎማው ሳይቀየር ኩሽኔታ ብቻ ቢቀየር ኖሮ ችግሩ ተመልሶ ይመጣ ነበር። የናፍጣ ሚኒባስ ያላችሁ፣ ዲናሞ ሲፈታ የፓምፑን ጎማና የዘይት ቱቦዎቹን አብራችሁ አሳዩ። ዋጋው ትንሽ ነው።

ሮተሩ ገና ስታተሩን አልነካም ነበር። ይህ ነው በጊዜ መጠገን የሚያተርፈው። ኩሽኔታው በጣም ሲላላ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ከዙሪያው ካለው ስታተር ጋር መፋጨት ይጀምራል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ቀጭን ነው። ሲነካካ ጥቅል ሽቦው ይጎዳል፣ ዲናሞውም አለቀ። ድምፁም ያኔ ይለወጣል፤ ቀጭኑ ፉጨት ቀርቶ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ከዚህ ሌላ የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት መቀመጫው ውስጥ መዞር ከጀመረ የአሉሚኒየሙን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ያኔ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው፤ ካልሆነም ሙሉ ዲናሞ መግዛት። ሁለት ኩሽኔታ ከሙሉ ዲናሞ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ምንም ማለት አይደለም።

ኩሽኔታ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ጠርዙ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ነው የሚገዛው። ለምሳሌ 6303 የሚል ቢሆን ውስጡ 17፣ ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። 6203 ደግሞ ውስጡ ያው 17 ነው፤ ውጪው ግን 40፣ ውፍረቱ 12 ነው። "ዘንጉ ላይ ገብቷል" ብሎ ማመን አይቻልም ማለት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉ ፊደሎችም ትርጉም አላቸው። 2አርኤስ (2RS) ማለት በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው። ዜድዜድ (ZZ) ማለት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሲ3 (C3) የሚል ካለበት ውስጡ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት አለው፤ ዲናሞ ሲሠራ በጣም ስለሚሞቅ ብረቱ ይሰፋል፣ ለዚያ ነው። አሮጌው ላይ ያለው ጽሑፍ አዲሱም ላይ ይኑር። የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ሁሉ ውስጡ የጃፓን ዕቃ የለውም። ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ አዙሩት። መሻከር ወይም መንቀጫቀጭ ካለው አትውሰዱት።

አገጣጠሙም የኩሽኔታውን ዕድሜ ይወስናል። ሰውዬው ደጋግመው የነገሩኝ ይህን ነው። መቀመጫው ውስጥ ሲገባ የሚገፋው የውጪው ቀለበት ነው። ዘንጉ ላይ ሲገባ የሚገፋው የውስጡ ቀለበት ነው። ይህ ከተገላበጠ ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው። በዓይን የማይታይ ጠባሳ ይተዋል። አዲሱ ኩሽኔታ ብዙም ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል፤ ሰውም "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። እሳቸው ፕሬስ ተጠቀሙ። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ በልኩ የሆነ ቡሶላ ደግፎ ቀስ እያለ ማስገባት ይችላል። መዶሻ በቀጥታ ኩሽኔታው ላይ ሲያርፍ ካያችሁ አስቁሙ። በትህትና፣ ግን አስቁሙ።

በዚያው ካርቦኑ ታየ፤ አጥሮ ነበር፣ ተቀየረ። ካርቦኑ የሚነካቸው የመዳብ ቀለበቶችም ተጸዱ። ከተገጠመ በኋላ በቴስተር ተለካ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ ደህና ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር ላንሳ። ብዙ ቦታ ዲናሞ የሚፈተሸው ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ በመንቀል ነው። "ካልጠፋ ይሠራል" ይባላል። ይህ ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶችና ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለመሥራት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ፣ አለመጥፋቱ ስለ ዲናሞው ብዙም አይናገርም። ቴስተር በየጋራዡ አለ። ይለካ።

ያገለገለ ዲናሞ ገዝቶ መግጠም እንደ አማራጭ ይነሳል። ስታተሩ የተቃጠለበት ሰው ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ግን ያገለገለ ዲናሞ ውስጥ ያለው ኩሽኔታም ያገለገለ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ክፈቱትና ሁለቱን ኩሽኔታ ቀይሩ።

ድምፅ ሲሰማ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ፣ የሚረጭ ቅባት የሚነፉም አሉ። ኩሽኔታው በሁለቱም በኩል ክዳን አለው። ከውጭ ጠብ የሚደረግ ዘይት ውስጡ በቅጡ አይደርስም። የሚደርሰው ቺንጋውና ካርቦኑ ጋ ነው። ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ቢቀንስ እንኳ ያው ያረጀ ኩሽኔታ ነው።

ስለ ጊዜው የምትጠይቁኝ ካላችሁ የኔ አቋም ይህ ነው። ድምፁ በብርድ ብቻ ከሆነና ፑሌጃው የማይነቃነቅ ከሆነ በሳምንቱ ውስጥ ጋራዥ ያዙ። እስከዚያ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ሥሩ። ሞቆም የሚጮህ ወይም ፑሌጃው ትንሽ የሚነቃነቅ ከሆነ የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ጋራዥ ነው፤ ሰው አትጫኑ። ማጉረምረም ከጀመረ፣ ፑሌጃው በጣም ከተነቃነቀ፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ የባትሪው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩን አጥፉና ዲናሞው ባለበት ይፈታ። ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ እዚያው አሠሩት፤ ደሴ የማውቀው ጋራዥ አለኝ ብላችሁ ዳገቱን አትውጡ።

የቤት መኪና ያላችሁም ይመለከታችኋል። በቤንዚን መኪና ፍሬኑ ከዲናሞው ጋር አይገናኝም። ግን በብዙ ትንንሽ መኪኖች አንድ ቺንጋ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ቺንጋው ሲበጠስ ሞተሩ ይግላል። በዳገት ላይ ሙቀቱ ቶሎ ነው የሚጨምረው። ሳያዩ ትንሽ ከነዱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጎዳል።

መንገድ ላይ ቢነክስስ? የባትሪው መብራት ይበራል። የሙቀት መለኪያው መውጣት ይጀምራል። በናፍጣ ሚኒባስ የፍሬን ፔዳሉ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይሆናል፣ ምክንያቱም ሰርቮው ውስጥ የቀረ ቫኪዩም አለ። ያ የሚበቃው ለጥቂት መርገጥ ብቻ ነው። ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አትርገጡ። ማርሽ ቀንሱ። አንዴ ረግጣችሁ ያዙ፣ አትልቀቁ። ፔዳሉ ቢጠነክርም ፍሬኑ አልጠፋም፤ በሙሉ ጉልበት ከተረገጠ ይይዛል። የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ አግዙበት። ሰፋ ያለ ዳር ስታገኙ ውጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ረዳቱ ታኮ ይጣል። ተሳፋሪው መኪና በማያልፍበት በኩል ይውረድ። አጭር ቺንጋ ፈልጎ ዲናሞውን ዘልሎ የውሃ ፓምፑን ብቻ ማዞር የሚቻልባቸው መኪኖች አሉ፤ ሜዳ ላይ ጋራዥ ለመድረስ ይረዳል። ቫኪዩም ፓምፑ ዲናሞው ላይ ላለበት መኪና ግን ለቁልቁለት አይሆንም።

ኩሽኔታ ቶሎ እንዲያረጅ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች በእጃችን ናቸው። አንዱ ቺንጋ ከልክ በላይ መወጠር ነው። ጮኸ ተብሎ ይወጠራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ጭነቱ ግን ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። በመካከሉ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ሌላው ሞተር በግፊት ውሃ ማሳጠብ ነው። ኮምቦልቻ አቧራዋ ብዙ ስለሆነ ሞተር ማሳጠብ ይለመዳል። ዲናሞው በላስቲክ ይሸፈን። አጣቢውም ውሃውን ወደዚያ እንዳያዞር ቆማችሁ ንገሩት።